ሎቢ

ኤኮፎ በያጅ ነው፣ ከምባንዳካ የመጣ፣
የመርከብ ጎን ሊደፍን ቱአማሲና ወጣ፤
የእናቴን የጓሮ ክፍል ተከራየ።
ከፈረንሳይኛ ቁጥሩን ብቻ ለየ፣
እሱንም እስከ ሃያ።

እናቴ ቩአሂራና ፈረንሳይኛው አይጠፋትም፤
ግን ሐኪሙ የአባቴን ሞት የነገራት በዚያ ነው፣
ከዚያ ወዲህ ከአፏ አይወጣም።

እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ።
ከሩዝ ነጋዴው ያረጀ የዱቤ መዝገብ ለመንኩ፣
በግራ «የወሰደ»፣ በቀኝ «የከፈለ» የሚል፤
በግራ የእሱን ሊንጋላ፣ በቀኝ የእሷን ማላጋሲ
እያሰመርኩ ጻፍኩ።
ዋጋዬ በቃል አንድ ጥብስ ሙዝ።

ሰላምታው ቀላል ነበር።
«ሳንጎ ኒኒ?» ይላል እሱ፤ ወሬ ምን አለ?
መልሱ «ሳንጎ ቴ»፤ ወሬ የለም።
«ኢኑና ኑ ቫውቫው?» ትላለች እሷ፤ አዲስ ነገር ምን አለ?
መልሱ «ጺ ሚሲ»፤ ምንም የለም።
በመካከል ስንት ጫካ፣ ስንት ባሕር ተኝቶ፣
ሰው ለካ በየማለዳው የሌለ ወሬ ይጠያየቃል!
ሳቅን። ያን ቀን ሁለት ሙዝ ተከፈለኝ።

«አላውቅም» ግን አጣላቸው።
«ናዬቢ» ይላል እሱ፤ አውቃለሁ ብሎ ተስፋ ይሰጣል፣
ሲጋራውን ይስባል፣ ጢሱን ወደ ጣሪያ ይለቃል፣
ከዚያ መጨረሻ ላይ «ቴ»፤ ያ ሁሉ ይፈርሳል።
የእናቴ «ጺ» ግን እንደ በር ውሻ ናት፣
ገና ሳትገባ ትጮህብሃለች።
«የዚህ ሰው አፍ እስኪዘጋ አይታመንም» አለች።
«የእሷ በር ሳይንኳኳ ይዘጋል» አለ።
ሁለቱንም አደረስኩ፣ በመንገድ ላይ ትንሽ እያለዘብኩ።

ዝናብ ሲገባ ጣሪያችን አፈሰሰ።
እሱ ከላይ ቆርቆሮ ሲበይድ «ማሌምቤ ማሌምቤ»፣
እሷ ከታች መሰላል ይዛ «ሙራ ሙራ»፤
ቀስ፣ ቀስ።
መንታ ቃል ለመንታ ቃል፣
ማንም ሳይተረጉም።
ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙዜ ቀነሰ።

አንድ ማታ ሳህኑን እያየ «ናሊንጊ» አለ፣
ቀጥሎ እሷን እያየ፣ ያንኑ ቃል።
ለሩዝም ለሰውም አንድ ነው በእነሱ ዘንድ፤
መፈለግም መውደድም።
እኔ በቀኙ ገጽ «ይፈልጋል» ብዬ ጻፍኩ፣
ግማሹን ቆርሼ አስቀረሁ።
የአባቴ ባርኔጣ ከሚስማሩ ገና አልወረደም ነበር።
ቀሪው እስከ ዛሬ ዱቤ ነው።

መርከቡ ዳነ።
ማለዳ፣ ሻንጣው በትከሻው፣ መሰላሉን ተደግፎ
አንዲት ቃል ጣለ፦ «ሎቢ»።
መዝገቤን ገለጥኩ። «ራሃምፒጹ» አልኳት። ነገ።
ሳምንቱን ሙሉ ሩዝ ለሦስት ሰው ሰፈረች፤
ከዚያ ለሁለት፣
ጣሳውን ግን ጥቂት ሞላ አድርጋ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወደብ ላይ የጭነት ጸሐፊ ሆኜ፣
ከኪሳንጋኒ የመጣ መርከበኛ ጠየቅኩ።
«ሎቢ?» አለ። «ነገ ነው።
ትናንትም ነው።
ከዛሬ አንድ ቀን የራቀ ሁሉ ሎቢ ነው፣
በወዲህም ይሁን በወዲያ።»
«ታዲያ በምን ይለያል?»
«በሚከተለው ቃል፦ ያለፈው፣ ወይም የሚመጣው።»
ኤኮፎ ያስከተለው ቃል አልነበረም።

ከሩዝ ጠጠር ስትለቅም አገኘኋት፣ ነገርኳት።
በደለኛ ነኝ ብዬ ድምፄ ተንቀጠቀጠ።
ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦
«እኛስ ያለፈውን 'ከፊት'፣ የሚመጣውን 'ከኋላ' አይደል የምንለው?
ያለፈው ፊትህ ተቀምጧል፣ ታየዋለህ፤
ነገ በጀርባህ ነው የሚመጣው፤
እዚያ ደግሞ ዓይን አልተሰጠንም።»

ጠጠር ጣለች። ሌላ ጠጠር።
ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፣
ያን ያህል ዓመት አብሬያት ስኖር፣
ለካ ሁልጊዜ የምትቀመጠው
ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነው።